የመስከረምን አበባ በጫካ መንገድ ፈልጎ ፎቶግራፍ ማንሣት

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በደጋው ጫካ ዳር፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ብጫ አበባ ይነጠፋል። ሌላው ሰው ይህን አበባ የአዲስ ዓመት ምልክት አድርጎ ያየዋል፤ ለንብ አርቢው ግን የንቡ ቀለብ ነው። በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው የደጋው ዋና ማር በአብዛኛው የሚገኘው ከዚሁ ወቅት አበባ ነው። ስለዚህ የትኛው አበባ፣ የት ቦታ፣ በየትኛው ቀን እንደ ፈነዳ በፎቶግራፍ መዝግቦ መያዝ ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይጠቅመዋል።

ብጫ ሁሉ አደይ አበባ አይደለም። አደይና መች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው፤ የመች ቅጠል ግን ያልተከፈለ፣ ረዘም ያለና ሲዳስሱት የሚሻክር ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ፎቶግራፍ አንሥቶ ዕፅዋት ለሚያውቅ ሰው ቢያሳይ፣ የተመለሰለት «ቅጠሉስ የታለ?» የሚል ጥያቄ ብቻ ነበር። ሁሉንም ያነሣው አበባውን ብቻ ከላይ ነበርና። ተመልሶ ሲሄድ አበባው ረግፏል፤ እስከሚቀጥለው መስከረም መጠበቅ ግድ ሆነ።

ቦታ ስለ መምረጥ የመናገሻ ሱባን ጫካ ምሳሌ እናድርግ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው ነው። ብርሃን በማይገባበት በጥዱና በዝግባው ሥር አበባ ፍለጋ መድከም አያሻም። ዛፍ የወደቀበትን ገላጣ፣ የመንገዱን ጠርዝ፣ የጅረቱን ዳር ማየት ይበቃል። በእርጥቡ ሣር ላይ ማገጥ፣ በጫካው ጠርዝ ቀጋና ጠምበለል፣ ወደ ተራራው ሲወጡ አሜጃና አስታ ይገኛሉ። ሁሉም በአንድ ቀን አይፈነዱምና ያንኑ መንገድ በየ15 ቀኑ መሄድ ያስፈልጋል።

የእጅ ስልክ ካሜራ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ነፋስ ሳይነሣ በጥዋት መውጣት ይሻላል። በቀትር ፀሐይ ብጫው ይነጣና ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ግድ ከሆነ በጃንጥላ ማጥላት ነው። በርከክ ብሎ በአበባው ቁመት ልክ ማንሣት፣ ምስሉ ከደበዘዘም ጥቂት ወደ ኋላ ፈቀቅ ማለት ይገባል። መጀመሪያ ተክሉ ከነአካባቢው፣ ቀጥሎ አበባው ከፊትና ከጎን፣ ከዚያም ቅጠሉ ከነግንዱ ይነሣ። መጠኑ እንዲታወቅ የክብሪት ሣጥን አጠገቡ ማስቀመጥ በቂ ነው። እግሯ ላይ ጽጌ ብናኝ የቋጠረች ንብ ከተገኘች ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ እርሷ ናት። አበባውን ቀጥፎ ወደ ጥሩ ብርሃን መውሰድ ግን አይገባም፤ ለግድግዳ ቢያምርም የበቀለበትን ቦታ አያሳይም።

ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ጋር ቀኑ፣ ቦታውና የአገሬው ስም ይጻፍ። በኦሮምኛ አደይን ኬሎ፣ መችን ቱፎ የሚሉ አሉና ሁለቱንም ስም መያዝ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት የተጠራቀመ መዝገብ ካለ ተጨማሪው የማር ሣጥን ከአበባው ቀድሞ ቀፎው ላይ ይደርሳል። በአካባቢው የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ገበሬ ካለም፣ ርጭቱ ከአበባው በፊት እንዲሆን፣ ካልተቻለም ንቦቹ ከገቡ በኋላ ምሽት ላይ እንዲደረግ፣ መዝገቡን ይዞ አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል።