ሦስት መቶ ቶን ውኃ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ

ከአዲስ አበባው ካዛንቺስ እስከ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ሲለካ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመኪናው መንገድ ግን በዓባይ በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል አልፎ ባሕር ዳር እስኪደርስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጃል፤ ከባሕር ዳር ወዲያም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የቀጥታውን መስመር በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ይጨርሰዋል። 1/1000 ደግሞ ዛሬ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ የሚገኝ ተራ የሻተር ፍጥነት ነው።

ፏፏቴን ቆሞ ለማየት ግን በቀዝቃዛ አገሮች የፏፏቴ ፎቶ አንሺዎች የሚጠብቁት ብርዱን ነው። ቀናት ከዜሮ በታች ሲውሉና ሲያድሩ ትንንሾቹ ፏፏቴዎች ከአናታቸው እስከ እግራቸው ወደ በረዶ ዓምድ ይለወጣሉ። ትልቁ ናያጋራ ግን ለብርድ እንዲህ በቀላሉ እጅ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1848 ለ30 ሰዓት ያህል ጸጥ ያለው ራሱ ፏፏቴው በረዶ ሆኖ አይደለም፤ ከኢሪ ሐይቅ የመጣ የበረዶ ክምር የወንዙን መነሻ ስለዘጋው ነው። በሌሎቹ የብርድ ወራት ድንጋዩን የሚያለብሰው በረዶ የተከማቸ ፍንጣሪ ነው፤ ውኃው ከጀርባው መውረዱን አያቋርጥም።

በኢትዮጵያ ስሌቱ ከመነሻው ሌላ ነው። ካዛንቺስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል፤ የአዲስ አበባ አማካይ የሙቀት መጠን ደግሞ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ አማካዩ ዜሮ የሚደርሰው 4,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። የአገሪቱ ጣሪያ ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ነው። ዜሮው የሚገኘው ከተራራው ጫፍ በላይ፣ ባዶ አየር ውስጥ ነው ማለት ነው።

እርግጥ በስሜን ተራሮች በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጭቶ ይታያል፣ የረጋ ውኃም ስስ በረዶ ይለብሳል፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል ይሟሟል። ችግሩ ብርዱና ውኃው በአንድ ወር አለመገናኘታቸው ነው። ውርጩ የሚመጣው በበጋ፣ ጅረቱ ሲሳሳ ነው። ጅረቱ የሚሞላው በክረምት፣ ደመናው ሌሊቱን ሲያሞቀው ነው። ለካዛንቺስ ነዋሪ በረዶ ማለት በክረምት ከሰማይ ወርዶ ቆርቆሮውን የሚደበድበው፣ አተር የሚያክለው፣ ደጃፍ ላይ ተከምሮ ብዙም ሳይቆይ ውኃ የሚሆነው ነው።

ጢስ ዓባይን በግድ በረዶ እናድርገው ቢባል ምን ይጠይቃል? ለሒሳቡ እንዲመች በሰከንድ 100 ሜትር ኩብ ውኃ ይወርዳል፣ ሙቀቱም 20 ዲግሪ ነው እንበል። አንድ ኪሎ ውኃ ከ20 ዲግሪ ወደ ዜሮ እንዲወርድ 84 ኪሎ ጁል ሙቀት ሊወሰድበት ይገባል። ዜሮ ደረሰ ማለት ግን ረጋ ማለት አይደለም። ቴርሞሜትሩ ዜሮ ላይ እንደቆመ ሌላ 334 ኪሎ ጁል ካልወጣለት ውኃው በረዶ አይሆንም። አብዛኛው ዋጋ የሚከፈለው እዚህ ላይ፣ መለኪያው ምንም በማያሳይበት ቦታ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ በኪሎ 418 ኪሎ ጁል፣ በሰከንድ ለሚወርደው 100 ሜትር ኩብ ደግሞ 41,800 ሜጋ ዋት ይሆናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሊወሰድ የሚገባው ሙቀት ስምንት ሕዳሴ ግድቦች ያለ ፋታ ቢሠሩ የሚያመነጩትን ኃይል ያህላል፤ ያውም ለአንድ ፏፏቴ ብቻ።

ይኸው ፍሰት በአንድ ቀን 8.64 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ካዛንቺስ የሚገኝበት የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ስፋት 14.6 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአንዱ ቀን ውኃ በእኩል ቢነጠፍበት ከመስቀል አደባባይ እስከ ካዛንቺስ ጥልቀቱ 59 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከአዋቂ ሰው ጉልበት በላይ ማለት ነው።

ካሜራው በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ከውኃው ሙቀት ሳይሆን ከጊዜው ይቀንሳል። የጢስ ዓባይ ከፍታ 45 ሜትር ያህል ነው። የአየሩ መጎተት ሳይቆጠር አንድ የውኃ ጓል ከአፋፉ እስከ ገደሉ ወለል ለመድረስ 3 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ታች ሲደርስ በሰዓት 107 ኪሎ ሜትር ይበራል። በሰከንድ 100 ሜትር ኩብ እየወረደ አንዱ ጠብታ 3 ሰከንድ አየር ላይ ከቆየ፣ በየትኛውም ቅጽበት በገደሉ ፊት የተንጠለጠለው ውኃ 300 ሜትር ኩብ ነው፤ ክብደቱ 300 ቶን። ሻተሩ በ1/1000 ሲከፈትና ሲዘጋ ፎቶው ላይ የሚቀረው ይህ 300 ቶን ነው። በዚያች ቅጽበት አፋፉን የሚሻገረው አዲስ ውኃ 100 ሊትር ብቻ ነው።

የፎቶግራፍ ጥበብ ይፋ በሆነበት በ1839 እ.ኤ.አ. አንድን ምስል ለማስቀረት ደቂቃዎች ያስፈልጉ ነበር። በ5 ደቂቃ ውስጥ በዚህ ገደል 30,000 ቶን ውኃ ያልፋል። የዚያን ዘመን ካሜራ ድንጋዩን በግልጽ ይዞ ውኃውን ጉም ያደርገው የነበረው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ያህል ፍጥነት ይበቃል? ብዙዎች ካሜራቸው የደረሰበትን የመጨረሻ ቁጥር ይመርጣሉ፤ ስሌቱ ግን አያስገድድም። ፏፏቴው በሙላት ጊዜ 400 ሜትር ይሰፋል። 24 ሜጋ ፒክስል ያለው ካሜራ በምስሉ ወርድ 6,000 ነጥቦች ስላሉት፣ ሙሉው ፏፏቴ ፍሬሙን ሲሞላ እያንዳንዱ ነጥብ የሚሸፍነው 6.7 ሳንቲ ሜትር ነው። በጣም ፈጣኑ፣ የታችኛው ውኃ በ1/500 ሰከንድ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአንድ ነጥብ አይወጣም፤ ለካሜራው ቆሟል። ቴሌ ሌንስ ተገጥሞ 4 ሚሊ ሜትር የሚያክል አንድ ጠብታ ሲፈለግ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያ ጠብታ በዚያው የውኃ ፍጥነት ቢወረወር በ1/1000 የ3 ሳንቲ ሜትር ክር ይስላል፤ በ1/8000 ግን 3.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚጓዝ ጠብታነቱ ይታያል።

ይህ ፏፏቴ ቆሞ በብዙ ሰው ኪስ ውስጥ ኖሯል፤ በአሮጌው የአንድ ብር ኖት ጀርባ የታተመው እሱ ነው። ወንዙ ግን ሥራ በዝቶበታል። የኃይል ማመንጫዎቹ፣ ጢስ ዓባይ አንድ በ1964 እ.ኤ.አ. 11.4 ሜጋ ዋት፣ ጢስ ዓባይ ሁለት በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ 73 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ውኃውን ከገደሉ በላይ ጠለፉት። በ2010 እ.ኤ.አ. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ወንዙ ከሚነሳበት ከራሱ ከጣና ሐይቅ ይቀዳል። በዚህ የተነሳ በበጋ ገደሉ በአብዛኛው ጥቁር ድንጋይ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሊያነሳው የሚያስብ ሰው ጉዞውን ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ያድርገው። ሻተሩን 1/500 ላይ ያቁመው፤ ሌንሱን በየጊዜው የሚጠርግበት ደረቅ ጨርቅም ይያዝ፤ ጢሱ ከሩቅ ያረጥባል።