ኦሺንና ሁለቱ ቤቶች

ትዕግሥት የሚመሰገን ጠባይ መሆኑን የማያውቅ የለም። አባት ልጁን ሲመክር «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» ይላል፤ መምህርም ተማሪውን በዚሁ ቃል ያጽናናዋል። ነገር ግን ስለ ትዕግሥት በሚነገርበት ጊዜ ሁሉ ሳይጠየቅ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሸክሙን የተሸከመው ሰው ሲመሰገን፣ ሸክሙን የጫነበት ሰው ምን ይባላል? የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በሚገባ ተነሥቶ ያየነው በአንድ የጃፓን የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ስለዚሁ ድራማና ዘመዶቹ ሊባሉ ስለሚገባቸው ሁለት ሥራዎች ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለመጻፍ አሰብን።

ጃፓን ለዓለም ያቀረበችው መኪናና ራዲዮ ብቻ አይደለም። የቴሌቪዥን ድራማዋ፣ አኒሜ የሚባለው የሥዕል ፊልሟና የቪዲዮ ጨዋታዋ ባሕር ተሻግረው የብዙ አገር ልጆችንና ወላጆችን ልብ ማርከዋል። እኛም ከሚወዱት ወገን ነን። የምንወዳቸውም በጠብና በሰይፍ ብልጭታ የተሞሉትን ሳይሆን፣ የሰውን እጅ ሥራ ሲሠራ ሳይቸኩሉ የሚያሳዩትን ነው። ሩዝ ሲታጠብ፣ ወለል ሲወለወል፣ ሕፃን ሲታዘል፣ ውኃ ሲቀዳ በትዕግሥት ያሳያሉ፤ የሚያየውም ሰው ሥራን ያለ ንቀት መመልከት ይለምዳል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

«ኦሺን» የተባለው ድራማ ኤን ኤች ኬ በሚባለው የጃፓን የሕዝብ ማሠራጫ ድርጅት ከኤፕሪል 1983 እስከ ማርች 1984 ድረስ ታየ። እያንዳንዱ ክፍል 15 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ሲሆን፣ በጠቅላላው 297 ክፍሎች ነበሩት። የጻፈችውም ሱጋኮ ሃሺዳ (1925–2021) የተባለች ስመ ጥር ደራሲት ናት። በጃፓን አገር የተመልካቹ ቍጥር በአማካይ ከመቶ 52.6 ነበረ፤ ከፍ ባለበትም ቀን ከመቶ 62.9 ደረሰ። ከዚያም ወዲህ ከ60 በሚበልጡ አገሮች ታይቷል። ኦሺንን በሕፃንነቷ አያኮ ኮባያሺ፣ በወጣትነቷ ዩኮ ታናካ፣ በእርጅናዋ ኖቡኮ ኦቶዋ ሆነው ተጫውተዋታል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። በ1983 ዓመተ ምሕረት ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናት አንዲት ባለጸጋ አሮጊት፣ ቤተ ሰቧ አሥራ ሰባተኛውን ሱፐርማርኬት በሚከፍትበት ቀን ከቤቷ ትጠፋለች። ልጆቿ ይደነግጣሉ፤ እርሷ ግን የተወለደችበትን በረዷማ አገር ያማጋታን ለማየት ሄዳለች። እንደ ልጅ ልጇ የምታየው ኬይ የተባለ ወጣት ተከትሎ ያገኛታል፤ እርሷም በሕይወት መንገድ ላይ ምን ጥላ እንደ መጣች ለማወቅ ወደ ኋላ እየተመለሰች ታሪኳን ትነግረዋለች።

የኦሺን ወላጆች የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኞች ነበሩ። ሩዝ እያመረቱ ሩዝ አይጠግቡም፤ ምግባቸው ነጭ የፍጅል ሥር በዝቶበት ሩዝ ያነሰበት ቅልቅል ነበረ። በ1907 ልጅቱ ገና በሰባት ዓመቷ ሳለች፣ በአንድ ጆንያ ሩዝ ለአንድ የጣውላ ነጋዴ ቤት ሕፃን አዛይ እንድትሆን ተሰጠች። ከግንድ በታሰረ ታንኳ ላይ ተቀምጣ በሞጋሚ ወንዝ ስትወርድ፣ እናቷ በዳር ቆማ የምትጣራበት፣ አባቷም እንባውን ለመሸሸግ የሚታገልበት ትርኢት በብዙ አገር ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ አልተረሳም። አባትየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ድህነት አፉን የዘጋው ሰው ነው።

በዚያ በመጀመሪያው ቤት ልጅቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ሕፃን ታዝላለች፤ በበረዶ ውኃ ጨርቅ ታጥባለች፤ ምግቧም በልክ ተሰፍሮ ይሰጣታል። ሁሉንም ቻለች። በኋላ ግን ከቤቱ 50 ሴን የሚያህል ገንዘብ ጠፋ። ኦሺን ደግሞ አያቷ ለክፉ ቀን ብላ የሰጠቻት አንዲት የ50 ሴን ብር ነበረቻት። ይህ በእርሷ ላይ በተገኘ ጊዜ ሌባ ተባለች፤ የአያቷንም ስጦታ ነጠቋት። ልጅቱ ረኃቡንና ብርዱን ታግሣ ነበር፤ ስሟ ሲጠፋ ግን መታገሥ አልቻለችም። ቤቱን ትታ በበረዶ ውስጥ ስትሄድ ልትሞት ተቃረበች።

ያዳናት ሹንሳኩ የተባለ፣ የሩስያና የጃፓን ጦርነት መርሮት ከሠራዊት ከድቶ በተራራ የተሸሸገ ወታደር ነበረ። ይህ ሰው ለልጅቱ ምንም ዕዳ የለበትም፤ ራሱም የሚታደን ነው። ሆኖም ከእሳት ዳር አስቀምጦ ፊደል አስተማራት፤ ሃርሞኒካ መንፋትንም አሳያት። በመጨረሻ ልጅቱ ወደ ወላጆቿ በምትመለስበት መንገድ ላይ ወታደሮች አገኙትና ገደሉት።

ከዚህ በኋላ ኦሺን ሳካታ በተባለችው የወደብ ከተማ ካጋያ ወደሚባል የሩዝ ነጋዴ ቤት ለአገልግሎት ገባች። በዚህም ቤት ሥራው ቀላል አይደለም፤ ተግሣጹም አይቀርም። ነገር ግን ኩኒ የተባለችው የቤቱ አሮጊት እመቤት የልጅቱን አእምሮ ተመለከተች። ከልጅ ልጇ ከካዮ ጋር እንድትማር ፈቀደችላት፤ በዶቃ የሚሠራውን የጃፓን መቍጠሪያ፣ የንግድን ጠባይ፣ የወጥ ቤትንና የእንግዳ አቀባበልን ሥርዐት አስተማረቻት። ኦሺን በኋላ ዘመን ቤቷን ያቆመችበት ዕውቀት አብዛኛው በዚያ ቤት የተዘራ ነው።

እንግዲህ ነገሩን እናነጻጽር። ልጅቱ አንዲት ናት፤ ትዕግሥቷም አንድ ነው። በመጀመሪያው ቤት ትዕግሥቷ ወደ ሞት አፋፍ አደረሳት፤ በሁለተኛው ቤት ግን ፍሬ አፈራ። ልዩነቱን ያመጣው የልጅቱ ጠባይ ሳይሆን የተቀበላት ቤት ነው። ብዙ ሰዎች «ኦሺን» የትዕግሥት ታሪክ ነው ሲሉ እንሰማለን፤ እውነታቸውን ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ አነበቡ። ሌላው ግማሽ የጌቶች ታሪክ ነው። ትዕግሥት ለታጋሹ ጌጥ ሊሆነው ይችላል፤ ለጫኙ ግን ከቶ ማመካኛ አይሆነውም። በሰው ልጅ ላይ መከራ ያመጣ ሰው፣ ያ ልጅ አድጎ ቢሳካለት «እኛ አበረታነው» ብሎ ሊመካ አይገባውም።

ይህን ነገር የቬትናም ሕዝብ በቋንቋው መዝግቦታል። ድራማው በ1990ዎቹ በዚያ አገር ከታየ በኋላ «ኦሺን» የሚለው ስም የቤት ሠራተኛ ማለት ሆኖ ቀረ። በኢራን ደግሞ ኦሺን ያገባችበት ቤት ስም ታኖኩራ፣ በዚያ አገር አነጋገር ታናኩራ፣ እርሷም በድራማው ልብስ ትሸጥ ስለ ነበረ፣ ተለብሶ ለሚሸጥ ልብስ መጠሪያ ሆነ። የአንዲት ሕፃን ስም የብዙ ሺሕ ሴቶች መጠሪያ መሆኑ የድራማውን ኃይል ያሳያል፤ በዚያውም ልክ በሰው ቤት የምትሠራ ሴት የራሷ ስም እንዴት በቀላሉ እንደሚረሳ ያስታውሳል።

የኦሺን መከራ በሕፃንነቷ አላበቃም። በቶኪዮ ጠጕር ሠሪ ሆነች፤ አግብታ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ሴፕቴምበር መግቢያ ላይ በ1923 የደረሰው ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ንብረታቸውን አጠፋው። በባሏ አገር በሳጋ ከአማቷ ጋር የኖረችው ኑሮ እጅግ መራራ ነበረ። በጦርነቱ የበኵር ልጇ ሞተ፤ ጦርነቱም ሲያበቃ ባሏ በጸጸት ራሱን አጠፋ። እርሷ ግን ዓሣ እየቸረቸረች ያቆመችውን ንግድ አስፋፍታ ባለጸጋ ሆነች። ደራሲቱም እዚህ ላይ ደርሳ ታሪኩን በደስታ አትዘጋውም። ልጇ የሚከፍተው አዲስ ሱፐርማርኬት የቀድሞ ባለውለታዋን ቤተ ሰብ ሱቅ የሚጎዳ ሆነ። በአንድ ጆንያ ሩዝ ተመዝና የተሰጠችው ሕፃን፣ የገዛ ልጇ ሰውን በገንዘብ ሲመዝን አየች። አሮጊቷ ከቤቷ የጠፋችውም ስለዚህ ነው፤ ጥላ የመጣችው ነገር ይኸው ነበርና።

የሁለተኛው ሥራ ባለቤት ሃያዎ ሚያዛኪ ነው። በ2001 የወጣው የሥዕል ፊልሙ በጃፓንኛ የሴንና የቺሂሮ መሰወር የሚል ስም አለው፤ በሌላው ዓለም «ስፒሪትድ አዌይ» ተብሎ ይታወቃል። በ2002 በበርሊን የፊልም በዓል ወርቃማውን ድብ፣ በ2003 ደግሞ በአሜሪካ የኦስካርን ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ ስለ አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ነው። ወላጆቿ ያልተፈቀደላቸውን ምግብ በስግብግብነት በልተው ዐሣማ ሆኑ፤ ልጅቱም እነርሱን ለማዳን በአንድ የእንግዶች መታጠቢያ ቤት ሥራ ለመነች። የቤቱ እመቤት ዩባባ ሥራውን ስትሰጣት ስሟን ቈርጣ ወሰደችባት፤ ቺሂሮ የነበረችው «ሴን» ተባለች። በዚያ ቤት ስሙን የረሳ ሰው ወደ አገሩ መመለሻ የለውም።

በፊልሙ የሚታዩት መናፍስት ከጃፓን አገር ጥንታዊ እምነት የተወሰዱ ስለ ሆኑ፣ ወላጅ ይህን ለልጁ አስቀድሞ ሊያስረዳው ይገባል፤ እንደ ተረት ካየው ግን የሚማርበት ብዙ ነው። ሁሉም ሰው አፍንጫውን ይዞ የሸሸውን አንድ የሚከረፋ እንግዳ እንድታጥብ የታዘዘችው ይህችው ልጅ ናት። ከጎኑ የተሰካውን ነገር ስትስበው ብስክሌትና የቆሻሻ ክምር ተከትሎ ወጣ፤ እንግዳውም ሰዎች ያረከሱት የወንዝ መንፈስ ኖሯል። ሚያዛኪ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ወንዝ ሲያጸዱ ብስክሌት ከውኃው እንዳወጡ ተናግሯል፤ ትርኢቱ ከዚያ የተወለደ ነው። በኋላም ፊት የለሹ እንግዳ ወርቅ ሲዘረጋላት፣ ሌሎቹ ሲሻሙ እርሷ አልፈልግም አለች። ኦሺን ስሟ ሲጠፋ ቤቱን ትታ እንደ ወጣች፣ ቺሂሮም ስሟን ሳትረሳ በመጠበቋ ከዚያ ቤት ነጻ ወጣች።

ሦስተኛው ሥራ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። በ1996 ያሱሂሮ ዋዳ የተባለ ሰው ሱፐር ፋሚኮም ለሚባለው የኒንቴንዶ መጫወቻ አንድ የእርሻ ጨዋታ አወጣ፤ በውጭ አገር «ሃርቨስት ሙን» ይባላል። ዋዳ በገጠር አድጎ በቶኪዮ የሚሠራ ሰው ነበረ፤ የአገሩን ኑሮም በጨዋታ ለማሳየት ፈለገ። በዚህ ጨዋታ ተኩስ የለም። ተጫዋቹ ጠፍ የሆነውን የአያቱን እርሻ ተረክቦ ድንጋይ ይለቅማል፤ ይዘራል፤ በየማለዳው ውኃ ያጠጣል። እዚህ ግን አንድ ነገር ተገልብጧል። ኦሺንና ቺሂሮ በሌላ ሰው እጅ የወደቁ ነበሩ፤ በዚህ ጨዋታ ግን ጌታው ልጁ ራሱ ነው። ዶሮዋን ካላበላት ዕንቍላል አትጥልለትም፤ ላሟን ከረሳት ትታመማለች። በእጁ ያለው ፍጡር በእርሱ ላይ ይፈርድበታል። አንድ ልጅ ይህን በጨዋታ ከተማረው ጊዜውን በከንቱ አጠፋ አንለውም፤ ሰዓቱን መወሰን ግን የወላጅ ፈንታ ነው።

ውድ አንባቢያችን ሆይ፤ ከገጠር መጥታ በዘመድ ወይም በባዕድ ቤት ሕፃን የምታዝል፣ ዕቃ የምታጥብ፣ ትማራለች ተብላ መጥታ ደብተር ሳትይዝ የምትከርም ልጅ ለእኛ እንግዳ አይደለችም። ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሥራ የሄደች እኅትም የብዙዎቻችን ቤተ ሰብ ናት። ስለ እርሷ ስንጨነቅ፣ የገባችበት ቤት እንዲራራላት ስንመኝ፣ በገዛ ቤታችን ስላለችውም እንድናስብ ይገባል። በስሟ እንጠራታለንን? ገንዘብ ሲጠፋ አስቀድመን የምንመረምረው የማንን ኪስ ነው? ልጆቻችን ሲያጠኑ እርሷ የት ናት? ከማዕዱስ የሚደርሳት ትራፊ ነው ወይስ ድርሻ?

ኩኒ ታላቅ ሀብት አላፈሰሰችም። በልጅ ልጇ ትምህርት ላይ አንዲት ሕፃን ጨመረች እንጂ። ሹንሳኩም የሰጠው ከእሳት ዳር የሚሞቅ ቦታና ጥቂት ፊደል ነበረ። ይህን ያህል ለመስጠት ባለጸጋ መሆን አያስፈልግም።

ስለዚህ ልጆቻችሁ እንዲህ ያለውን ድራማ ወይም የሥዕል ፊልም ሲያዩ ከጎናቸው ተቀመጡ። ሲያለቅሱም አትሣቁባቸው። ትርኢቱ ባለቀ ጊዜ ስለ ኦሺን ትዕግሥት ብቻ አትጠይቋቸው፤ ከሁለቱ ቤቶች የእኛ ቤት የትኛውን ይመስላል? ብላችሁ ጠይቁ። ልጆች እውነቱን ይናገራሉና የሚመልሱላችሁን በጽሞና አድምጡ።