በዕጢና በነቀርሳ መካከል፦ የዴስሞይድ ምርመራና የአማርኛ ስያሜው፣ ከጁባ ኒምራ ታላታ አንጻር

ኒምራ ታላታ በደቡብ ሱዳን ርእሰ ከተማ በጁባ የሚገኝ ሰፈር ሲሆን፣ ስሙ በጁባ ዐረብኛ «ቁጥር ሦስት» ማለት ነው። በከተማዋ የመንግሥት ሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ፣ የገበያው መግባቢያ በአብዛኛው ጁባ ዐረብኛ ነው፤ በንግድና በሆቴል ሥራ ከተሰማሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ደግሞ አማርኛ ይነገራል። በዚህ ሰፈር የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ በትከሻው ወይም በጭኑ ጡንቻ ውስጥ ጠጣር እብጠት ቢያገኝ፣ የሕመሙ ስም ወደ እርሱ የሚደርሰው ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ተሻግሮ ነው። በመሻገሩ ምን እንደሚጠፋ ለማየት ዴስሞይድ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ዴስሞይድ ከጥልቅ ለስላሳ ህብረ ሕዋስ የሚነሣ ቃጫማ ዕጢ ነው። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው ውስጥ የሚይዘው ከ5 እስከ 6 የሚሆኑትን ብቻ እንደሆነ ይገመታል። በሴቶች ላይ ይበዛል፤ ከወሊድ በኋላ በሆድ ግድግዳ ላይ፣ አንዳንዴም በቀዶ ሕክምና ጠባሳ ላይ ይወጣል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1838 ያወጣለት ጀርመናዊው ዮሐንስ ሙለር ሲሆን፣ መነሻው «ማሰሪያ» የሚል ፍቺ ያለው የግሪክ ቃል ነው፤ ዕጢው ጅማት ስለሚመስል።

ምርመራው በእጅ ዳሰሳ አይቋጭም። ኤም አር አይ የዕጢውን ስፋትና ከነርቭና ከደም ሥር ጋር ያለውን ቅርበት ያሳያል፤ ቁርጡን የሚነግረው ግን በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ነው። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ረጃጅም ሕዋሳት በነዶ በነዶ ተሰድረው ያገኛል። ይህ መልክ ከጠባሳም ከፋይብሮሳርኮማም ጋር ሊያሳስት ስለሚችል፣ ቤታ ካቴኒን የተባለው ፕሮቲን በሕዋሱ አስኳል ውስጥ መከማቸቱ በቀለም ይፈተሻል። ፍተሻው ባያሳይም ዴስሞይድ አይደለም ማለት አይደለም፤ ያን ጊዜ የጂን ምርመራ ያግዛል። አንዳንዱ ዴስሞይድ በዘር ከሚተላለፍ የትልቁ አንጀት ፖሊፕ ሕመም ጋር ስለሚያያዝ፣ የቤተሰብ ታሪክም ይጠየቃል።

የቋንቋው ችግር የሚጀምረው ውጤቱ ሲነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዴስሞይድን የሚመድበው በመካከለኛው ክፍል ነው፤ በአካባቢው ያለውን አካል ያጠቃል እንጂ ወደ ሩቅ አካል አይሰራጭም። አማርኛ ለዚህ መካከለኛ ክፍል የተለመደ ስም የለውም። «ዕጢ» ጤናማውን የታይሮይድ ዕጢም፣ ያበጠ ንፍፊትንም፣ አደገኛውንም እድገት ይሸፍናል። «ነቀርሳ» ለካንሰር ይነገራል፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን ቲቢ ነው። በዐረብኛም «ወረም» እብጠትንና ዕጢን አንድ ላይ ሲይዝ፣ «ሰረጣን» በቀጥታ ካንሰርን ይጠራል። ስለዚህ አስተርጓሚው «ዕጢ ብቻ ነው» ካለ ታማሚው ክትትሉን ሊተው ይችላል፤ «ነቀርሳ ነው» ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ተቆርጦ ይውጣልኝ ሊል ይችላል። ሁለቱም ይጎዳሉ። ዴስሞይድ ከተቆረጠ በኋላ ተመልሶ የመምጣት ጠባይ አለው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሳይነካ በራሱ ይቆማል ወይም ይሟሽሻል። የዛሬው አሠራር ለብዙ ታማሚዎች በቅርብ እየተከታተሉ መቆየትን የሚያስቀድመው ስለዚህ ነው።

የቤተሰብ ጥያቄውም እንዲሁ ነው። «በዘመድ ካንሰር አለ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ የአጎቱ ሕመም በቤት ውስጥ «የአንጀት በሽታ» እየተባለ ሲጠራ ከኖረ፣ «የለም» ብሎ በቅንነት ይመልሳል።

አማርኛ በስም ያጣውን በግሥ ሊያገኘው ይችላል። «ሥር ይሰዳል እንጂ አይሰራጭም» የሚለው ዐረፍተ ነገር የሕመሙን ጠባይ በትክክል ይገልጻል፤ ዕጢው እንደ ሥር በጡንቻው መካከል ዘልቆ ይገባልና። ይሁን እንጂ «ሥር የሰደደ» የሚለው ቅጽል በጤና አማርኛ ለረጅም ጊዜ ለቆየ በሽታ ስለተያዘ፣ ግሡ «በጡንቻው ውስጥ» ከሚል ቦታ አመልካች ጋር መነገር ይኖርበታል። ለስሙም «ጅማት መሰል ዕጢ» የሚለው ጥምር የግሪኩን ሐሳብ ያስተላልፋል፤ ዕጢው ከጅማት የበቀለ እንዳይመስል ግን ማብራሪያ ያሻዋል። በኒምራ ታላታ ላለው ታማሚ ከስያሜው ይልቅ ሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ይጠቅሙታል፦ ወደ ሌላ አካል አይሄድም፤ ባለበት ግን ሊያድግ ይችላል፤ ስለዚህ ክትትሉ አይቋረጥ።