የሚያሳድድ የሌለበት የእግር ጉዞ

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። በሜልቦርን መሃል ከተማ፣ በፍሊንደርስ ስትሪት ባቡር ጣቢያ በር ላይ ከተደረደሩት ሰዓቶች ሥር ስድስት ሰዎች ሸክማችንን ከፊታችን ከምረን ቆመናል። የከተማው ሰው ቀጠሮ ሲይዝ «ሰዓቶቹ ሥር እንገናኝ» ይላልና እኛም እንደ አገሬው አደረግን። ታክሲ የሚነዳ አንድ ያገር ልጅ አጠገባችን ቆመና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ወገኖቼ፣ በዚህ ሌሊት ጓዝ ተሸክማችሁ ወዴት ናችሁ?» አለን። ሦስት ቀን በእግራችን ተራራ ለተራራ ልንሄድ ነው ብንለው አንድ በአንድ አየንና፣ «ምን አጥፍታችሁ?» ብሎን ሄደ።

ሳቅን እንጂ ጥያቄው ትክክል ነበር። በእኛ አገር ሰው ተራራ የሚወጣው ስለት ሊያስገባ፣ የጠፋ ከብት ሊፈልግ፣ ሊዘምት ወይም ሊያመልጥ ነው። ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ደግሞ የመጨረሻው ምክንያት በዛ። ስንቱ ወገን በሑመራና በመተማ በኩል ቀን እየተደበቀ፣ ሌሊት እየተጓዘ ሱዳን ገባ። ከዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መካከል ያን መንገድ የማያውቅ፣ ወይም የሚያውቅ ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው። ታዲያ እንዲህ ላለው ሰው «ለመዝናናት በእግር እንሂድ» ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ከመካከላችን አንዷ ያን መንገድ የሄዱ ናቸው። ስማቸውን እንዳላነሣ ስለጠየቁኝ «እትዬ» እያልኩ ልቀጥል። በ1981 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ በ19 ዓመታቸው ከጎንደር ተነሥተው ገዳሪፍ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ከባቡር ማቆሚያ እስከ ቤታቸው ካልሆነ በቀር ረጅም መንገድ በእግራቸው አልሄዱም። ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሐኪሙ «ይራመዱ» ሲላቸው ግን፣ «መራመዱንማ ከሁሉም በፊት ተምሬዋለሁ» አሉ። እኛም በዳንዲኖንግ ኮረብታዎች ላይ ለወራት አብረናቸው ተለማመድን።

መድረሻችን ታሊ ካርንግ የሚባል ሐይቅ ነው። ከሜልቦርን በስተምሥራቅ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዱ ሊኮላ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ከእርሷ በላይ ያለው የአልፓይን ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ስልክ እዚያ ከደረሱ በኋላ ጌጥ ነው። ሁለት መኪና ይዘን ስለነበር አንደኛውን ከታች በዌሊንግተን ወንዝ አጠገብ ትተን፣ በሁለተኛው ማክፋርሌን ሳድል ወደሚባለው ከፍታ ወጣን። ሐሳባችን በተራራው ጀርባ ሄደን፣ በሐይቁ በኩል ወርደን፣ ወንዙን ተከትለን ከታችኛው መኪና ዘንድ መድረስ ነበር። ይህ መንገድ ወንዙን 16 ጊዜ ያሻግራል፤ ድልድይ የሚባል የለም። ቁጥሩን ለእትዬ የነገርናቸው መኪና ውስጥ ነበር፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ሰምተው ዝም አሉ።

ላይ የሚገኘው የዌሊንግተን ሜዳ ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ ያለ ነው። ሣሩ ቢጫ፣ አየሩ ቀዝቃዛና ቀጭን፣ ዛፉ ሁሉ ባሕር ዛፍ። እዚህ የሚበቅለው በረዶ የሚችለው ዓይነት ነው፤ አጭርና ጠማማ ሆኖ ግንዱ አረንጓዴና ግራጫ መስመር ያለው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ እንጦጦን ያለበሰውን ዛፍ «ከባሕር ማዶ የመጣ» ብለን ስም አወጣንለት። አሁን እርሱ በአገሩ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣነው እኛ ነን።

ኒምባ በሚባለው ሥፍራ ድንኳን ተከልን። በሶ በጠበጥን፣ ቆሎ ዘገንን። እኩለ ሌሊት ላይ ዝናብ ጀመረ። የሚያንጠባጥበውን የድንኳን ገመድ ላጠብቅ ስወጣ እትዬን ቁጭ ብለው አገኘኋቸው፤ ጫማቸውን አላወለቁም።

«እትዬ፣ ለምን አይተኙም? እግርዎ ያብጣል እኮ።»

«ጫማ አውልቆ የተኛ ሲባንን ባዶ እግሩን ነው የሚሮጠው፣ ልጄ» አሉኝና ትንሽ ቆይተው ቀጠሉ። «ጓንግን የተሻገርነው እንዲህ ባለ ዝናብ ነው። የገባነው አምስት ነበርን፤ የወጣነው አራት።»

ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በጋዜጠኝነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ብዕር አወጣ ነበር።

ሲነጋ ዝናቡ አባራ፤ ክርክር ተነሣ። በመጣንበት መመለስ ይቻላል። ወደ ታች ከወረድን በኋላ ግን ወንዙ ሞልቶ ብናገኘው ያንን ሁሉ ቁልቁለት ሽቅብ መውጣት ሊኖርብን ነው። ካርታ የሚያነብልን እዚሁ ሜልቦርን ያደገ ወጣት፣ «ውሃው ከጉልበት ካለፈና ከፈጠነ አንገባም፤ እንመለሳለን» ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ሁላችንም እትዬን አየን። እርሳቸው ግን ሻንጣቸውን አዝለው ቆመዋል።

ከሜዳው ጫፍ ወደ ሐይቁ የሚወስደው ቁልቁለት ከ500 ሜትር አያንስም፤ ጉልበትን ያንቀጠቅጣል። ሐይቁ በዛፎች መካከል ድንገት ብቅ ሲል ግን ሁሉም ዝም አለ። በገደል የተከበበ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጥልቀቱ 50 ሜትር ያህል። ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት፣ እኛ ዘንድ የአክሱም ነገሥታት በነበሩበት ዘመን፣ ተራራው ተንዶ የጅረቱን መውጫ ቢዘጋው የተፈጠረ ነው። በላዩ የሚወጣ ውሃ አይታይም። በናዳው ድንጋይ ሥር ሰርጎ ከታች ወደ 150 ሜትር ዝቅ ብሎ ምንጭ ሆኖ ይወጣል፤ የዌሊንግተን ወንዝም ከዚያ ይጀምራል።

ከእኛ አንዱ «እዚህ ሳናድር አንሄድም» ብሎ ሻንጣውን አወረደ። ነገር ግን የምድሩ ባለቤት የሆኑት የጉናይኩርናይ ሕዝቦች ሐይቁ ለእነርሱ የተቀደሰ ሥፍራ ስለሆነ ጎብኚ በዳርቻው እንዳያድር ይጠይቃሉ። የባለቤትነት መብታቸውን የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ያወቀላቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ወዳጃችን «መጠየቅ እንጂ መከልከል አይደለም» ብሎ ተከራከረ። እትዬ፣ «ዝቋላ ወጥተህ አታውቅም እንዴ? እዚያ ጠበል የሆነውን ሐይቅ ልታጠብበት ብትል ማን ዝም ይልሃል? ተነሥ!» አሉት። ተነሣ። ይህ ጸሐፊም ከርስቱ የተነቀለ ሰው ይህን ለማወቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ባላስፈለገው ነበር ይላል።

በናዳው ድንጋይ ላይ እየተንገዳገድን ወረድን። የመጀመሪያው መሻገሪያ ላይ ወጣቱ በዱላ ለካ፤ ከጉልበት በታች ነው። ጫማ አይወለቅም፤ የሻንጣው የወገብ ማሠሪያ ይፈታል፤ ሰው ቢወድቅ ሸክሙ ይዞት እንዳይሰጥም ነው። ፊትን ወደ ላይኛው ፈሳሽ አዙሮ፣ እግርን እየጎተቱ መሻገር ነው። እትዬ ዳር ቆመው ጥቂት ቆዩ። እጄን ብዘረጋላቸው አልያዙም፤ የጃኬቴን ጫፍ ያዙ። ማዶ ስንደርስ ዞር ብለው በጣታቸው ቆጠሩን።

በሁለተኛውም ቆጠሩ፤ በሦስተኛውም። ወዳጃችን ሊቀልድ ሲል ወጣቱ በክርኑ ጎሸም አደረገው። በመካከሉ አንድ ሌሊት በወንዙ ዳር አደርን፤ ያን ሌሊት ጫማቸው ከድንኳኑ በር ላይ ተቀምጦ አየሁት። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ከአሥራ ስድስተኛው መሻገሪያ ስንወጣ መኪናችን በዛፎቹ መካከል ታየን። እትዬ ግን ወደ መኪናው አላዩም። ዳር ቆመው የመጨረሻው ሰው ከውሃው እስኪወጣ ጠበቁ።

«ስድስት» አሉ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠውም ጫማቸውን አውልቀው ውሃውን ደፉት።