በአነስተኛ ገንዘብ የሚገጣጠም የቤት ኮምፒውተር፡ ቅድሚያ ለየትኛው ክፍል?

በሶማሌ ክልል ፋፈን ዞን በምትገኘው አውበሬና በመሰል ከተሞች የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ለቤቱ ኮምፒውተር ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ነው። ይሁን እንጂ ደብዳቤና ሪፖርት ለመጻፍ፣ ሂሳብ ለመሥራት፣ ኢንተርኔት ለመጠቀምና ልጆችን ለማስጠናት ለሚውል ኮምፒውተር ወሳኙ ጉዳይ ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቆራረጥበትና ጥገና ፍለጋ እስከ ጅግጅጋ መሄድ ግድ ሊሆን በሚችልበት አካባቢ ገንዘቡ አስቀድሞ መዋል ያለበት የተሠራውን ሥራ ከመጥፋት፣ መሣሪያውንም ከመቃጠል በሚጠብቁ ክፍሎች ላይ ነው።

ከእነዚህም የመጀመሪያው ፓወር ሰፕላይ ነው። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው የቤት ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ የሚወስደው ኃይል ከ100 ዋት አይበልጥም። በመሆኑም ከኬዝ ጋር በርካሽ ከሚሸጥና ትልቅ ቁጥር ከተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ ይልቅ ጥራቱ የተረጋገጠ ባለ 300 ወይም ባለ 400 ዋት ይመረጣል። የቮልቴጅ ማስተካከያ ያለው ዩፒኤስ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ሥራን መዝግቦ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። ሌዘር ፕሪንተርን ከዩፒኤስ ጋር ማገናኘት ግን አይመከርም።

ሁለተኛው የመረጃ ማከማቻው ነው። ኤስኤስዲ እንደ ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ፈጣን ከመሆኑም በላይ ንቅናቄን ይቋቋማል። ለቤት ሥራ 256 ጊጋባይት በቂ ነው። ሆኖም ማንኛውም ማከማቻ ሊበላሽ ስለሚችል የአስፈላጊ ሰነዶችን ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል።

ለራም 8 ጊጋባይት ይበቃል። ማዘርቦርዱ ለወደፊት ማሳደጊያ ክፍት ቦታ ቢኖረው መልካም ነው። ፕሮሰሰሩ ግራፊክስን በውስጡ የያዘ ሊሆን ይገባል፤ ከኢንቴል ምርቶች በስማቸው መጨረሻ «ኤፍ» የሚል ፊደል ያለባቸው ይህ ስለሌላቸው ለተጨማሪ ወጪ ይዳርጋሉ።

ያገለገለ ኮምፒውተር ለሚገዙም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የተሠሩ ፕሮሰሰሮችን ይጠይቃል። ከዚህ በታች የሆነ ኮምፒውተር በነፃ በሚገኘው ሊኑክስ ሊያገለግል ይችላል።

ለቋንቋ የተለየ ኪቦርድ መግዛት አያስፈልግም። ሶማሊኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሲሆን፣ የግዕዝ ፊደልም በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ውስጥ ስለተካተተ በተለመደው ኪቦርድ አማርኛ መጻፍ ይቻላል።

መብራት ለረጅም ሰዓት በሚጠፋበት ቦታ ግን ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል። የትኛውም ቢመረጥ ሕጋዊ ደረሰኝና የዋስትና ሰነድ ተቀብሎ መያዝ የገዢውን መብት ያስጠብቃል። ፕሮሰሰር ዘግይቶም ቢሆን ሊቀየር ይችላል፤ የጠፋ ሰነድ ግን በገንዘብ አይመለስም።