ሀብቱ እና ሀብቴ

አንድን ሞኒተር ስፈትሽ መጀመሪያ የምጽፈው ሁለት ስም ነው፦ «ሀብቱ» እና «ሀብቴ»። በመጠን 10 ፊደል ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ። ቱ ወገቡ ላይ ትንሽ ጭረት አለው፤ ቴ እግሩ ሥር ቀለበት። ያቺ ቀለበት መሐሏ ክፍት ሆኖ ከታየኝ ሞኒተሩም ኬብሉም ደህና ናቸው። ከተደፈነች የሆነ ቦታ ችግር አለ።

ይህን ያስለመደችኝ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የምትጽፍ ደንበኛዬ ናት። አዲስ ባለ27 ኢንች ሞኒተር በገዛች በሁለተኛው ሳምንት ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ዓይኔ ሳይበላሽ አልቀረም፤ የሰው ስም እየተሳሳትኩ ነው» አለችኝ። ሄጄ አየሁት። ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ ፊደሎቹ ግን ጥላ አላቸው። ጎንበስ ብዬ ከጀርባ ስመለከት፣ ኮምፒውተሩም ሞኒተሩም ኤችዲኤምአይ እያላቸው የተገናኙት በአሮጌው የቪጂኤ ኬብል ነበር። የሸጠላት ሰው «ኬብል ካለሽ ሌላ አያስፈልግሽም» ብሏት ነው።

ቪጂኤ በ1987 እ.ኤ.አ. ከአይቢኤም የመጣ፣ ጀርባቸው ለወጣ ለእነዚያ ከባድ ሞኒተሮች የተሠራ ነው። ኮምፒውተሩ በቁጥር የያዘውን ምስል ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ለውጦ ይልካል፤ የዛሬው ጠፍጣፋ ሞኒተር ደግሞ ሞገዱን መልሶ ወደ ቁጥር ይለውጣል። አንድ የአማርኛ ደብዳቤ ወደ ሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ እንደገና ወደ አማርኛ ሲመለስ እንደሚሆነው ነው፤ ሐሳቡ ይደርሳል፣ ስሙ ይዛባል። 1920 በ1080 የሆነ ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ያልፋሉ። አንዱ ነጥብ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ሞኒተሩ በግምት ሲለይ ትንሽ ከሳተ፣ የቴ ቀለበት ትደፈናለች። በኤችዲኤምአይና በዲስፕሌይ ፖርት ግን እያንዳንዱ ነጥብ ቁጥር እንደሆነ ይደርሳል።

ኬብሉን ቀየርኩላት፤ ቀለበቷ ተከፈተች። ያም ሆኖ እውነቱን መንገር ነበረብኝ። ያው 1920 በ1080 ነጥብ 27 ኢንች ላይ ሲዘረጋ ለአንድ ኢንች 82 ገደማ ብቻ ይደርሳል፤ 24 ኢንች ላይ 92 ነው። ቀኑን ሙሉ ፊደል ለሚያነብ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። 27 የሚገዛ 2560 በ1440 ይፈልግ፤ ያኔ 109 ይሆናል። ገንዘቡ ለዚያ ካልበቃ እኔ ስፋቱን ትቼ 24ቱን እወስዳለሁ። ፎር ኬም ለጽሑፍ ድንቅ ነው፤ ግን ኮምፒውተሩ ኤችዲኤምአይ 1.4 ብቻ ካለው ምስሉ በሰከንድ 30 ጊዜ ነው የሚታደሰው፤ ማውሱ ይጎተታል።

ባለፈው ሳምንት አጠገቧ የምትሠራ ባልደረባዋን ላከችልኝ። ልጅቱ ስልኳን ከፍታ የኮምፒውተሯን ጀርባ ፎቶ አሳየችኝ። ከመግዛት በፊት እንዲህ የሚያደርግ ደንበኛ ሳገኝ ደስ ይለኛል። ከውጭ ቢሮዎች ወጥተው የሚመጡት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ዓይነት ነው፦ ሁለት ዲስፕሌይ ፖርት፣ አንድ ቪጂኤ፣ ኤችዲኤምአይ የለውም። ባለ24 ኢንች ሞኒተር ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ ከሚያገናኝ ኬብል ጋር ሰጠኋት። ይህ ኬብል አቅጣጫ አለው፤ የዲስፕሌይ ፖርቱ ጫፍ ኮምፒውተሩ ላይ መሰካት አለበት። ኤችዲኤምአይ ብቻ ያለውን ላፕቶፕ በዚሁ ኬብል ዲስፕሌይ ፖርት ካለው ሞኒተር ጋር ሊያገናኙ ሞክረው «ኬብሉ ሞቷል» ብለው የሚመልሱልኝ ብዙ ናቸው።

በወርቅ የተለበጠ ኬብል ይሻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይሻልም፤ ለዚህ ሥራ ደህና ሆኖ የተሠራ የሁለት ሜትር ኬብል ይበቃታል። ሞኒተሩን እዚያው ሱቅ ውስጥ አብርቼ ሁለቱን ስሞች ጻፍኩላት። አንገቷን ሰገግ አድርጋ፣ ጮክ ብላ አነበበቻቸው።