የቀጋና የኮሶ ዘመድ በብርድ አገር

ከእናንተ መሀል ኮሶን የማያውቅ ማን አለ? ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ኮሶ ሩቅ ዘመድ ነው።

ከሩሲያ የመጣ ጎረቤቴ አንድ ቀን ያገሩን ዛፍ ፎቶ አሳየኝ። «ርያቢና» ይባላል አለኝ፤ እንግሊዞች ሮዋን ይሉታል። ቅጠሉን ሳየው «ይኼማ ኮሶ ነው!» አልኩት። በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሰለፉ፣ ዳራቸው እንደ መጋዝ የሾለ ቅጠሎች፣ ጫፉ ላይ ደግሞ አንድ ብቻውን። ቤቴ ገብቼ ሳነብ ኮሶ አይደለም፤ ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ቤተሰቡ የጽጌረዳ ይባላል። ቀጋም፣ እንጆሪም፣ ታፑዋህም፣ ሻኬድም ከዚያው ናቸው።

ሮዋን አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ሜትር ይረዝማል። በግንቦትና በሰኔ ነጭ አበባው በዘለላ ይፈነዳል፤ እያንዳንዱ አበባ ልክ እንደ ቀጋ አምስት ቅጠል አለው። ኮሶ ወንዱና ሴቴው ለየዛፉ ነው፤ ሮዋን ግን ሁለቱንም በአንድ አበባ ይይዛል። ከነሐሴ ጀምሮ ፍሬው ይቀላል። መጠኑ ከአተር ብዙም አይበልጥም፤ አፈጣጠሩ ግን የታፑዋህ ነው። ወፎች በልተው ዘሩን ሩቅ ይጥሉታል። በአውሮፓ ለጌጥ በየመንገዱ ይተክሉታል፤ ቢጫ፣ ነጭና ሮዝ ፍሬ ያላቸው ዓይነቶችም አሉ። የደጋ ዛፍ ስለሆነ የእኛ የቆላ ሙቀት አይስማማውም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዘመድ ነው ተብሎ እንደ ቀጋ ለቅሞ አይበላም። ጥሬው ይመራል፣ ሆድም ያውካል። ያገሩ ሰዎች ሪባ የሚሠሩት አብስለው ነው፤ የሚያውከው አሲድ ሲበስል ይለወጣል። ኮሶስ ቢሆን ያለ ልክ ሲጠጣ ይጎዳ የለ?

አስተማሪ ነኝና የሚያሳዝነኝን ልንገራችሁ። ልጅ ስለ ዕፅዋት የቤት ሥራ ይዞ ሲመጣ «እኔ አልተማርኩም፣ ሞራሽን ጠይቂ» እንላለን። ልጅቷም እናቴ ምንም አታውቅም ብላ ታድጋለች። የዛፉን ቅጠልና አበባ አይቶ ዘመዱን መለየት እኮ ትምህርት ነው! እናንተ ያለ መጽሐፍ የያዛችሁት ነው።

እስኪ በሚመጣው ሰንበት ከልጆቻችሁ ጋር ወጣ በሉ። ቅጠል አትቁረጡ፤ ማየት ግን አልተከለከለም። ዛፍ አሳይታችሁ «ይኼ ባገራችን ምን ይመስላል መሰለሽ?» ብላችሁ ጀምሩ። ቀሪውን እሷ ትጠይቃችኋለች።